«አብሽር» ከማለት ባለፈ፦ ከመሸጫ የገዛነው ያገለገለ መኪና ችግሩ አልለቅ ሲል ደረጃ በደረጃ ምን እናድርግ?

መኪናዋን የገዛኋት ደሴ ነው፤ የምኖረው ኮምቦልቻ። ከመክፈሌ በፊት ከመሸጫው ልጅ ጋር ከፒያሳ ተነስተን ከተማ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ነዳናት። ፍሬኗ ይይዛል፣ ማርሹ ይገባል፣ ሞተሯ ረጋ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ከፍዬ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ቤቴ ገባሁ። የሙቀት ጌጁ መርፌ ንቅንቅ አላለም። ልጆቼ እየጮኹ ወጡ፤ እናቴ ቡና አፈላች።

በማግሥቱ ጠዋት ለሥራ ወደ ደሴ ስወጣ፣ ሐረጎን አጋምሼ፣ መርፌው ከግማሽ አለፈ። ሁለት መታጠፊያ እንደሄድኩ ጣፈጥ የሚል ሽታ መጣ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከኮፋኖው ሥር ነጭ እንፋሎት ይወጣል። አንድ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በሃይላንድ ውሃ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ትንሽ ይብረድልህ፣ አሁን እንዳትከፍተው» አለኝ። ከኔ የተሻለ ያውቅ ነበር።

ለሻጩ ደወልኩ። «አብሽር ወንድሜ፣ አምጣት፣ እናያታለን» አለኝ። አብሽር እኛ ወሎዎች ለታመመውም ላዘነውም የምንለው መልካም ቃል ነው። ሰውየውም ከልቡ ያለው ይመስለኛል። ግን በሰባት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ቃል አራት ጊዜ ሰማሁ። መኪናዋም አራት ጊዜ ጋራዥ ገብታ ወጣች። በሄድኩ ቁጥር ታሪኩን ከሀ ጀምሬ አስረዳለሁ፤ እነሱም እንደ አዲስ ይሰማሉ።

ዘግይቶ የገባኝ ነገር ይኼ ነው፦ ችግሩን ቀን፣ ኪሎሜትርና ፊርማ ያለው ወረቀት ላይ እስካላሰፈራችሁት ድረስ፣ ለሻጩ ሁልጊዜ የመጀመሪያ ቀን ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በሰባት ሳምንት የተማርኩትን ነው። ምሳሌዬ የሞተር ሙቀት ቢሆንም መንገዱ ለካምቢዮም፣ ለመሪም፣ ለኤሌክትሪክም ያው ነው።

1. ሻጫችሁ ማን ነው? ውሉን አውጡና እዩ

ብዙ ሰው «የገዛሁት ከእገሌ መሸጫ ነው» ይላል። ውሉ ግን ሌላ ሊናገር ይችላል። በእኛ ከተማ መሸጫ ቤት የቆመ መኪና ሁሉ የመሸጫው ንብረት አይደለም። አንዳንዱን ነጋዴው ራሱ ገዝቶ ነው የሚሸጠው። ሌላውን ባለቤቱ በኮሚሽን እንዲሸጥለት ያቆመው ነው፤ መሸጫው ውክልና ይዞ ይፈርማል። ደላላ ብቻ በመሃል ገብቶ ያገናኘውም አለ።

እኔ ውሉን ደግሜ ሳነበው ሻጭ ተብሎ የተጻፈው አይቼው የማላውቅ አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው። የመሸጫው ባለቤት የፈረመው «ስለ ሻጭ፣ ወኪል» ብሎ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሕግ ፊት ለመኪናው ጉድለት መጀመሪያ የሚጠየቀው ሻጩ ነው፤ ወኪል የፈረመው በሌላ ሰው ስም ነው። ስለዚህ አራት ነገር አንድ ፋይል ውስጥ አድርጉ፦ የሽያጭ ውሉን፣ የሊብሬውን ኮፒ፣ የውክልናውን ኮፒ፣ ገንዘቡ የተላለፈበትን የባንክ ደረሰኝ። ውክልናው ላይ «መሸጥ» እና «ገንዘብ መቀበል» የሚሉት ሥልጣኖች መኖራቸውን እዩ። ገንዘቡ በማን አካውንት እንደገባም አስተውሉ። ገንዘቡ መሸጫው አካውንት ከገባ፣ ባለቤቱ «እኔ ደላላ ነኝ እንጂ አላውቅም» ሲል የምታሳዩት ወረቀት አላችሁ ማለት ነው።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ለግብር እንዲቀንስ ተብሎ ውል ላይ ከተከፈለው በታች ዋጋ የሚያስጽፉ ሰዎች አሉ። ነገሩ ከተበላሸና ገንዘብ ይመለስ ከተባለ፣ ሌላው ወገን ጣቱን የሚቀስረው ውሉ ላይ ወዳለው ቁጥር ነው። በጽሑፍ ያለን ውል በሰው ምስክር ማፍረስ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ገና ያልፈረማችሁ ከሆናችሁ እውነተኛውን ዋጋ አስጽፉ።

2. ቀን እየተቆጠረ ነው

ሦስት የጊዜ ገደቦችን በልባችሁ ያዙ።

የመጀመሪያው 15 ቀን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። «አብሽር፣ የሚቀጥለው ሳምንት» እየተባለ የሚያልፈው ይህ ጊዜ ነው። የኔም ያለፈው እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው «ሳይዘገይ» የሚለው ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን ገዢውም ዕቃውን መርምሮ፣ ጉድለት ካገኘ ምን ዓይነት ጉድለት እንደሆነ ገልጾ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ሕጉ ቀን አልቆጠረም። እኔ ብሆን ግን ከሳምንት አላሳልፍም።

ሦስተኛው አንድ ዓመት ነው። ጉድለቱን ካሳወቃችሁ በኋላ ክስ የሚመሠረትበት ጊዜ ነው። ሻጩ አታሎ ካላዘገያችሁ በቀር ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል። ዓመት ረጅም ይመስላል። በሽምግልናና በቀጠሮ ሲያልቅ ግን አይታወቅም።

«መኪናውን አይቼና ወድጄ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ፈርማችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። በግልጽ የሚታይን ጉድለት፣ ለምሳሌ የተሰነጠቀ ፓራውርቲን፣ አላየሁም ማለት አትችሉም። ሻጩ እያወቀ የደበቀውን ጉድለት ግን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አይሸፍንለትም።

3. ሌላ ጋራዥ ወስዳችሁ አታስፈቱ

ይህን በቀይ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። መኪናው ሲቆምባችሁ የመጀመሪያው ስሜት የምታውቁት መካኒክ ጋ ወስዶ «ፍታው» ማለት ነው። ሞተሩ አንዴ ከተፈታ በኋላ ግን ሻጩ «ያበላሸው ያንተ መካኒክ ነው» ይላል፤ መልስም አይኖራችሁም። ውሉ ይፍረስ ለማለትም ዕቃውን በተረከባችሁበት ሁኔታ መመለስ መቻል ትልቅ ነገር ነው። ማስመርመርና ማስፈታት የተለያዩ ናቸው። አስመርምሩ።

እየሞቀ መንዳትም እንዲሁ። መርፌው ቀይ ላይ እያለ «ደሴ ልድረስ ብቻ» ብላችሁ ከቀጠላችሁ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል። ያኔ ጥፋቱ የናንተም ይሆናል። ችግሩ የፍሬን ወይም የመሪ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ በላይ ነው፤ በዚያ መኪና ሐረጎን አትውረዱ። አስጎትቱ።

4. ትንሿ ደብተር

መኪናው ኪስ ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ አስቀምጡ። ችግሩ በታየ ቁጥር አምስት ነገር ጻፉ፦ ቀንና ሰዓት፣ የዳሽቦርድ ኪሎሜትር፣ ቦታ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረጋችሁ። የዳሽቦርዱን ፎቶ በስልክ አንሱ፤ ኪሎሜትሩና የሙቀት መርፌው አንድ ላይ ይታዩ። የኔ ደብተር ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞ ጠዋት 1፡40። ሐረጎ፣ አጋማሽ። ፊት ተሳቢ የለም፣ በ3ኛ ማርሽ። መርፌ ከግማሽ በላይ። ቆምኩ፣ 35 ደቂቃ። ከበረደ በኋላ ሊትር ተኩል ውሃ ጨመርኩ። ሥር ምንም አልፈሰሰም።»

«ሐሙስ ከሰዓት 11፡15። ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል። መርፌ ልክ። ምንም የለም።»

ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው እኩል ይጠቅማል። ችግሩ መቼ እንደማይታይም ለመካኒክ መረጃ ነው። ሻጩም «ትናንት ነድቻት ምንም የላትም» ሲላችሁ «በየትኛው መንገድ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። የመሸጫው ልጅ ሁለት ጊዜ ሞክሯት «ንጹህ ናት» ያለኝ ደሴ ከተማ ውስጥ አሥር ደቂቃ ዞሮ ነው።

5. ችግሩን በስሙ ጥሩት

«መኪናዬ ትሞቃለች» ለማለት ማንም ይችላል። «በርዳ ታድራለች፣ ጠዋት ግን የራዲያተሩ ቱቦ ጠንክሮ ይገኛል፣ ውሃ ትጨርሳለች ግን አትፈስም» ሲባል መካኒኩ ቀና ብሎ ያያችኋል። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500። በ25 ኪሎሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ እንወጣለን። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ያለው ከዚያ በላይ ሞቆም የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ኩላንትም ያግዛል። ክዳኑ የላላ፣ ወይም ሲስተሙ የሚያስተነፍስ መኪና ሜዳ ላይ ደህና መስሎ ሐረጎ ላይ የሚጋለጠው ለዚህ ነው።

አሁን ምልክቶቹን ለዩ። ከደረቅ ወደብ የወጣ ተሳቢ ፊታችሁ ሆኖ በ1ኛ ማርሽ ስትሳቡ ብቻ የምትሞቅ፣ መንገዱ ሲከፈት ግን የምትበርድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የራዲያተሩን ፋን ጠርጥሩ። በራሱ ነፋስ የሚያገኝ ፍጥነት ላይ ሆናችሁም አቀበቱን ስትገፉ የምትሞቅ ከሆነ፣ ራዲያተሩ ውስጡ ተዘግቷል ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) እያስተነፈሰ ነው።

ለጓርኒሲዮን ሦስት ምልክት አለ። ውጭ ሳይፈስ ውሃ መጉደል። ሌሊቱን አድሮ በርዶም የላይኛው ቱቦ ሲጨበጥ ጠንካራ መሆን። ጠዋት ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ ሞተር ስታስነሱ ያለማቋረጥ አረፋ መውጣት። ይህን የምታደርጉት መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ብቻ ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላል፤ እረኛው ልጅ ያስጠነቀቀኝን አትርሱ።

ዘይት መክፈቻው ሥር ወተት የመሰለ ነገር አይታችሁ ወዲያው «አለቀልኝ» አትበሉ። በደሴ ብርድ አጭር አጭር መንገድ የሚነዳ መኪና ላይ ከእርጥበት ብቻ ትንሽ ነጭ ነገር ሊታይ ይችላል። የዘይት ማያ ዘንጉም ላይ ካለ ግን ከባድ ነው።

አሁን ብዙ ገዢ የሚታለልበትን ልንገራችሁ። የመሸጫው መካኒክ በሦስተኛው ጊዜ መኪናዋን ሲመልስልኝ መርፌው በእርግጥ ቀንሶ ነበር። ሁለት ቀን ደስ አለኝ። ያደረገው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ቴርሞስታት ውሃው በደንብ እስኪሞቅ፣ ብዙ መኪና ላይ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ፣ መንገዱን ዘግቶ የሚይዝ ትንሽ በር ነው። ሲወጣ ውሃው ከመጀመሪያው ይዞራል፤ መርፌው ለመነሳት ይዘገያል፤ በአጭር ቴስት «ዳነች» ያሰኛል። በሽታው ግን ቦታው ላይ ነው። ሞተሩ ደግሞ በደሴ ጠዋት ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ይጨርሳል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ጠዋት አስነስታችሁ የላይኛውን ቱቦ ያዙ። ቴርሞስታት ካለ ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ በድንገት ይሞቃል። ከሌለ ከሞተሩ እኩል ቀስ እያለ ለብ ይላል።

6. በገባች ቁጥር ወረቀት፣ በወጣች ቁጥር ወረቀት

ለመሸጫው የማስተካከል ዕድል ስጡ። ይህ ጨዋነትም ነው፣ በኋላም ይጠቅማችኋል። ግን ቁልፍ ከማስረከባችሁ በፊት በሁለት ኮፒ ሦስት መስመር አስፈርሙ፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ኪሎሜትር፣ በዚህ ችግር ገብታለች። ስትወጣ ደግሞ ምን እንደተፈታ፣ ምን እንደተቀየረ፣ ማን እንደሠራው። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ጠይቁና ውሰዱ። ቴርሞስታቱን ያገኘሁት «የወጣውን ዕቃ ስጡኝ» ብዬ ነው።

ማስፈረም ያሳፍራል፤ እኔም አፍሬ ነበር። ከተዋወቅን፣ ቡና አብረን ከጠጣን በኋላ «ፈርምልኝ» ማለት አለማመን ይመስላል። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «ጋሼ፣ እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። አዲስ አበባ ላለው ባለቤት የምናሳየው እንዲኖረን ነው።» እውነትም ነው። አልተቆጣም፤ ፈረመ። ሰውየው አልፈርምም ካለ እዚያው ቆማችሁ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ያንኑ ሦስት መስመር ላኩለት። «እሺ» ብሎ ከመለሰ ተመዝግቧል።

7. የሌላ ጋራዥ ምርመራ

ሁለት ጊዜ ተጠግኖ ያው ችግር ከተመለሰ ከመሸጫው ጋር ግንኙነት የሌለው ጋራዥ ፈልጉ። ፈቃድ ያለው፣ ማኅተም ያለው። በደሴም በኮምቦልቻም አሉ። የምትጠይቁት ምርመራ ብቻ ነው፦ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን በቁጥር፣ የራዲያተር ግፊት፣ መኪናው የሚቀበል ከሆነ የኮምፒውተር ምርመራ። ከራዲያተሩ አፍ ላይ ጋዝ ስቦ የሚፈትን ሰማያዊ ፈሳሽ ያላቸውም አሉ፤ የጭስ ጋዝ ውሃው ውስጥ ከገባ ወደ ቢጫ ይለወጣል። እሱ ካለ ክርክሩን ያሳጥራል።

ወረቀቱ ላይ የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፣ ኪሎሜትር፣ ቀን፣ ውጤት፣ የመካኒኩ ስምና ማኅተም ይኑር። መካኒኩን አንድ ጥያቄ ጨምራችሁ ጠይቁት፦ «ይህ ችግር በሁለት ሳምንት የሚፈጠር ነው ወይስ የቆየ?» የሚያምንበትን ይጻፍ። የኔ መካኒክ ቱቦዎቹ ላይ የተጋገረውን ዝገትና አሮጌ ማሸጊያ አሳይቶኝ «ይኼ ቀደም ብሎ ተከፍቶ የተዘጋ ነው» ብሎ ጻፈ። ከደብተሬ ቀጥሎ ነገሩን የለወጠው ያ መስመር ነው።

መኪናዋ ቦሎ አላት መባሉ መልስ አይሆንም። ዓመታዊ ምርመራ ማለፍ ሞተሩ ውስጡ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

8. ደብዳቤው

ከዚህ በኋላ ስልክ ይብቃ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ስድብ የለም፣ «አጭበርባሪ» የለም። እንዲህ፦

«ለአቶ/ወ/ሮ ……… (ሻጭ፣ በውሉ ላይ እንደተጻፈው)
ግልባጭ፦ ለወኪሉ ………
ጉዳዩ፦ የተሸጠልኝ መኪና ላይ የተገኘን ጉድለት ስለማሳወቅና እንዲስተካከል ስለመጠየቅ
በቀን ……… በተፈረመ ውል የሰሌዳ ቁጥር ………፣ የሻንሲ ቁጥር ……… የሆነውን መኪና ከእርስዎ ገዝቻለሁ። ከተረከብኩበት ማግሥት ጀምሮ ሞተሩ አቀበት ላይ ከመጠን በላይ ይሞቃል። በቀን ………፣ ……… እና ……… ለጥገና አስረክቤ ችግሩ አልተወገደም። ……… ጋራዥ በቀን ……… ያደረገው ምርመራ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በ15 ቀን ውስጥ ጉድለቱን በራስዎ ወጪ እንዲያስወግዱ፣ ካልሆነ መኪናውን ተረክበው የከፈልኩትን ገንዘብ እንዲመልሱ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ መብቴን በሕግ ለመጠየቅ እገደዳለሁ።»

በሁለት ኮፒ አድርሱ፤ አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ቀንና ፊርማ ያኑር። አልቀበልም ካለ ሁለት ሰው ባለበት አስቀምጣችሁ ምስክሮቹ ይፈርሙ። ሩቅ ላለ ሻጭ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩ፤ የተላከበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ሕጉ «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ይህ ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት ብትሄዱ መጀመሪያ ከምትጠየቁት ነገር አንዱ ነው።

9. ቁጭ ብሎ መነጋገር

ደብዳቤው በደረሰ በአራተኛው ቀን ባለመሸጫው ራሱ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል። በሁለታችንም ዘንድ የተከበሩ አንድ አባትና አንድ የቀድሞ የመኪና ነጋዴ በተገኙበት ተቀመጥን። ወሎ ውስጥ ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ እኔም ይህን መንገድ ከፍርድ ቤት በፊት እመርጣለሁ። ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ደብተሩን፣ ወረቀቶቹንና ቴርሞስታቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ብዙ አላወራሁም።

ሰውየው መጀመሪያ ያለው የሚጠበቅ ነው፦ «ወንድሜ፣ ብትመልሳት ሌላ በዚህ ዋጋ አታገኝም።» በአንድ በኩል እውነቱን ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከእጅ እጅ የሚዘዋወሩት እዚሁ ያሉት ናቸው። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ሦስቱን ነገር ቤታችሁ ወስኑ፦ ይጠገን፣ ዋጋ ይቀነስ፣ ወይስ ይመለስ? ዋጋ ተቀንሶ ራሳችሁ አስጠግኑ ከተባላችሁ የጥገናውን ግምት ከሁለት ጋራዥ በጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ። በአየር ላይ በተጠራ ብር አትስማሙ።

እኔ ጥገናን መረጥኩ። ስምምነቱን ጽፈን ሽማግሌዎቹም ፈረሙበት። ያስገባኋቸው ነጥቦች፦ ቴስታታው ይወርዳል፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከላል፣ አዲስ ጓርኒሲዮንና ቴርሞስታት ይገባል፣ ወጪው የሻጭ ነው፤ ሥራው እኔ በመረጥኩት ጋራዥ ይሆናል፤ ለ3 ወር ወይም ለ5,000 ኪሎሜትር ያው ችግር ከተመለሰ መኪናው ይመለሳል፣ ገንዘቡም በ30 ቀን ይከፈላል። ወኪሉ ለዚህ ስምምነት ሥልጣን እንዳለው ባለቤቱ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ አድርገናል። ይህን የመጨረሻ ነጥብ ያስታወሱኝ አባት እድሜ ይስጣቸው።

10. ካልተሳካ

ሻጩ ነጋዴ ከሆነ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ፋይላችሁን ይዛችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የተቀበሏችሁበትን ቀን ኮፒያችሁ ላይ አስመቱ። ሻጩ ግለሰብ ከሆነ ያለው መንገድ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ክስ ከመክፈታችሁ በፊት ጠበቃ ለአንድ ሰዓት አማክሩ፤ በተለይ ማንን መክሰስ እንዳለባችሁ፣ ባለቤቱን፣ ወኪሉን ወይስ ሁለቱን። ፍርድ ቤቱ በባለሙያ እንዲመረመር ሊያዝ ስለሚችል መኪናውን እስከዚያ አትሽጡ፣ አትፍቱ።

11. ከጥገና በኋላ የምትረከቡት የት ነው?

ጋራዡ በር ላይ አትረከቡ። ችግሩ የታየበት ቦታ ሄዳችሁ ተረከቡ። እኛ ከኮምቦልቻ ጠዋት ተነሳን፤ እኔ መሪ ላይ፣ መካኒኩ አጠገቤ፣ የመሸጫው ልጅ ከኋላ። ቦርከናን አልፈን ሐረጎን ጀመርን። እድል ሆኖ ፊታችን የጫነ ተሳቢ ገጠመን፤ አልቀደምነውም። በ1ኛ እና በ2ኛ ማርሽ ከኋላው ተሳብን። መርፌው ከግማሽ በታች ቆሟል። መጀመሪያ የቆምኩበትን መታጠፊያ ስናልፍ ማንም አልተነፈሰም።

ላይ ስንደርስ ሞተሩ እየሠራ ቆምን። መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ ፋኑ ሲነሳና ሲቆም ሁለት ጊዜ ጠበቀ። ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። የመረከቢያውን ወረቀት ኪሎሜትሩን ጽፈን ሦስታችንም ኮፋኖው ላይ አድርገን ፈረምን። በማግሥቱ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት የላይኛውን ቱቦ ጨበጥኩት፤ ለስላሳ ነው። 5,000 ኪሎሜትሩ እስኪሞላ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ቱቦውን እጨብጣለሁ፣ የውሃውን ልክ አያለሁ፣ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ።